ዐሥር ማርክ ኪራይ

ያን ጊዜ ብሬስላው ትባል በነበረችውና ዛሬ ቭሮትስዋፍ ተብላ በፖላንድ ግዛት ውስጥ በምትገኘው ከተማ፣ «የወርቅ በትረ መንግሥት» የሚል ስም በነበረው አንድ ቢራ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 5 ቀን 1927 ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር መሠረቱ። ስሙን «የጠፈር ጉዞ ማኅበር» አሉት። ዓላማውም ከስሙ የራቀ አልነበረም፤ ሰውን ከምድር አንሥቶ ወደ ጨረቃና ወደ ሌሎች ዓለማት የሚያደርስ መንኮራኩር መሥራት። ቻርልስ ሊንድበርግ የተባለው አሜሪካዊ አውሮፕላን አብራሪ የአትላንቲክን ውቅያኖስ ብቻውን ተሻግሮ ዓለሙን ሁሉ ጉድ ያሰኘው ገና ከሁለት ወር በፊት እንደነበረ ስናስብ የሰዎቹን ድፍረት እንረዳዋለን። ዓለም ውቅያኖስ መሻገርን ገና ሲያጨበጭብለት እነርሱ ስለ ጨረቃ ይከራከሩ ነበር።

ይህን የምጽፈው ሰው የጠፈር ሊቅ አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ የሰው ገንዘብ ስቆጥርና ቫውቸር ስፈርም የምውል፣ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም የምሞክር የባንክ ሠራተኛ ነኝ። በዚህም የተነሣ የሮኬትን ታሪክ ሳነብ ዐይኔ የሚያርፈው የሳይንስ ሰዎች እምብዛም በማያተኩሩበት ቦታ ላይ ነው። ማን ከፈለ? በምን ያህል? ሒሳቡስ በማን ስም ተመዘገበ? የሕልም ታሪክ የሚባለው ነገር ከስር ሲገለጥ ብዙ ጊዜ የገንዘብ ታሪክ ሆኖ ይገኛል። የዚህ ማኅበር ታሪክ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ እንዲህ ነው።

መነሻው አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነው። በትራንሲልቫንያ የተወለደው ጀርመንኛ ተናጋሪው ኸርማን ኦበርት ስለ ሮኬት ያዘጋጀውን የዶክትሬት ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1922 ለሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ ቢያቀርብ ተቀባይነት አጣ። በተከታዩ ዓመት ግን ያንኑ ጥናት መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው፤ ስሙም «ሮኬት ወደ ፈለካት ኅዋ» ነው። መቶ ገጽ እንኳን አይሞላም፤ ብዙው ክፍል ቀመር ነው። ኦበርት በመግቢያው ላይ አራት ነገሮችን ያስቀምጣል። በዘመኑ እውቀት ከከባቢ አየር በላይ የሚወጣ መሣሪያ መሥራት ይቻላል፤ መሣሪያው ተሻሽሎ ከምድር ስበት ማምለጥ ይችላል፤ ሰው ያለ ጉዳት ሊሳፈርበት ይችላል። አራተኛው ነጥብ ነው እኔን የሳበኝ፤ በተወሰነ የኢኮኖሚ ሁኔታ ውስጥ ሥራው ሊያዋጣ እንደሚችልና ያም ሁኔታ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ሊመጣ እንደሚችል ይናገራል። ይህ የሒሳብ መምህር ስለ ከዋክብት እያሰበ ስለ ትርፍና ኪሳራ አልዘነጋም። የማያውቀው ከፋዩ ማን እንደሚሆን ብቻ ነው።

ኦበርት የመጀመሪያው አልነበረም። በሩሲያ ካሉጋ በምትባል ትንሽ ከተማ ኮንስታንቲን ሲዮልኮቭስኪ የተባለ፣ በልጅነቱ በሕመም ጆሮው የደከመ የትምህርት ቤት መምህር ስለ ሮኬት ጉዞ መሠረታዊውን ጽሑፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው። በአሜሪካ ደግሞ ሮበርት ጎዳርድ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራ የመጀመሪያውን ሮኬት ማርች 16 ቀን 1926 በማሳቹሴትስ፣ ኦበርን በተባለ ቦታ በአንድ የእርሻ ማሳ ላይ አስነሣ። ሁለት ሰከንድ ተኩል በረረ፤ 12 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደቀ። ጎዳርድ ግን ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ጋዜጣ ስላፌዘበት ሥራውን ደብቆ መያዝን መረጠ። ጀርመኖቹ ግን ተቃራኒውን መረጡ። ማኅበር አቋቋሙ፤ መጽሔት አሳተሙ፤ በሰው ሁሉ ፊት ተከራከሩ። የመጀመሪያው ሊቀ መንበር ዮሐነስ ቪንክለር የሚያዘጋጀው «ሮኬት» የተባለ መጽሔት በየወሩ ይወጣ ነበር፤ አባላቱም ባጭር ጊዜ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆኑ።

ምን ነበር የሚከራከሩት? ዛሬም የጠፈር ወዳዶች የሚከራከሩበትን ያንኑ ነው ማለት ይቻላል። ነዳጁ ባሩድ ይሁን ወይስ ፈሳሽ? አንድ ትልቅ ሮኬት ይሻላል ወይስ አንዱ በሌላው ላይ የተደራረበ? ወደ ጨረቃ በቀጥታ ይኬድ ወይስ በመጀመሪያ በምድር ዙሪያ ማረፊያ ጣቢያ ይሠራ? በዚህ በመጨረሻው ጥያቄ ላይ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ኸርማን ፖቶችኒክ ነው። የኦስትሪያና ሀንጋሪ ሠራዊት መኮንን የነበረ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ከሠራዊቱ የወጣ ሰው ነው። ኖርዱንግ በሚል የብዕር ስም ባሳተመው ብቸኛ መጽሐፉ ውስጥ፣ እየተሽከረከረ በውስጡ ላሉት ሰዎች የስበትን ያህል ክብደት የሚሰጥ እንደ ጋሪ ጎማ ክብ የሆነ የጠፈር ጣቢያ በዝርዝር ነደፈ። ጣቢያው ከምድር በ36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆኖ ከአንድ ቦታ በላይ ቆሞ የሚታይ እንዲሆን አሰበ፤ ዛሬ የቴሌቪዥን ሳተላይቶች የሚቆሙበት ምኅዋር ነው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1928 መጨረሻ ወጣ። ደራሲው በኦገስት 1929 ቪየና ውስጥ በድህነት ሞተ፤ ዕድሜው 36 ነበር።

ወደ ማኅበሩ እንመለስ። ማኅበርተኞቹ ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ገንዘብ የሌለው ሕልመኛ ደግሞ ሦስት በር ያንኳኳል። የመጀመሪያው የነጋዴ በር ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ የነበረው ማክስ ፋሊየር የመኪና ፋብሪካ ባለቤት የሆነውን ፍሪትዝ ፎን ኦፐልን አሳመነውና እ.ኤ.አ. በ1928 በባሩድ ሮኬት የሚገፉ መኪናዎች ተሠሩ። በሜይ ወር ፎን ኦፐል ራሱ በርሊን ውስጥ በሰዓት 238 ኪሎ ሜትር ነዳ፤ ሕዝቡም ተደነቀ። ለኦፐል ጥሩ ማስታወቂያ ሆነለት፤ ለጨረቃ ግን አንድ ክንድ እንኳን አላቀረበም። ፋሊየር ከዚያ በኋላ ወደ ፈሳሽ ነዳጅ ተሻገረና ሜይ 17 ቀን 1930 በሙከራ ላይ ሳለ የሞተሩ ክፍል ፈንድቶ በስብርባሪው ተመትቶ ሞተ።

ሁለተኛው የኪነ ጥበብ በር ነው። ታዋቂው የፊልም ዳይሬክተር ፍሪትዝ ላንግ «ሴት በጨረቃ ላይ» የተባለውን ፊልም ሲሠራ ኦበርትን አማካሪ አድርጎ አስመጣው፤ የፊልም ድርጅቱም በምረቃው ዕለት የሚተኮስ እውነተኛ ሮኬት እንዲሠራለት ገንዘብ ሰጠው። ኦበርት ሐሳበ ሰፊ እንጂ እጀ ብልኅ አልነበረም። አንዱ ሙከራ ፈንድቶ ዐይኑን አቆሰለው፤ ሮኬቱም ሳይደርስ ፊልሙ ኦክቶበር 15 ቀን 1929 በርሊን ተመረቀ። ሆኖም ከዚያ ፊልም አንድ ነገር ቀርቷል። ሮኬት ሊነሣ ሲል ቁጥር ወደ ኋላ እየተቆጠረ ዜሮ ላይ ሲደረስ «ተነሣ» የሚባለው ሥርዓት በሰፊው የታወቀው በላንግ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ለተመልካች ልብ ስቀላ ብሎ ያደረገውን መሐንዲሶች ወረሱት።

ሦስተኛውን በር ከማንኳኳታቸው በፊት ግን፣ ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ የሚጣፍጠው ወቅት አለ። ከአባላቱ አንዱ ሩዶልፍ ኔበል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን ያበረረ መሐንዲስ ነበር። ከመሐንዲስነቱ ይልቅ ግን አፈ ጮሌነቱ ይበልጣል። ይህ ሰው በበርሊን ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ራይኒከንዶርፍ በተባለው ሰፈር፣ ከጦርነቱ የተረፈ የጥይት መጋዘን ያለበት ሰፊ ባድማ መሬት አግኝቶ ከከተማው አስተዳደር ጋር ውል ተዋዋለ። ኪራዩ በዓመት 10 ማርክ። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1930 በሩ ላይ «የሮኬት አውሮፕላን ማረፊያ፣ በርሊን» የሚል ጽሑፍ ሰቀሉ። በዓመት 10 ማርክ የጨረቃን መንገድ ተከራዩ ማለት ነው! በዚህ ዘመን የከተማ ቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ሁሉ ይህን ሲያነብ ማቃሰቱ አይቀርም።

ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1932 መጀመሪያ በጀርመን ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰው ሥራ ፈትቶ ነበር። ኔበል ይህንኑ መከራ ወደ ሀብት ለወጠው። ብየዳ የሚያውቅ፣ መብራት የሚዘረጋ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሥራ አጥ ሁሉ ወደ መጋዘኑ መጣ፤ ማደሪያ ተሰጠው፤ በምላሹ እጁን አዋሰ። ኔበል ከፋብሪካ ፋብሪካ እየዞረ አሉሚንየሙን፣ ነዳጁን፣ መሣሪያውን በልመናም በተስፋም ያመጣል። ያገኘውን ትርፍ ዕቃ በሌላ በሚያስፈልገው ዕቃ ይለውጣል። ባንክ ውስጥ የምንሠራ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሰው ብድር ለመጠየቅ ሲመጣ ገና ከበሩ እናውቀዋለን፤ መያዣ የለውም፣ ወሬው ግን ያማረ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን አላበድረውም ነበር።

ይሁን እንጂ ሥራው ሄደ። ክላውስ ሪደል የተባለው ወጣት መሐንዲስ ንድፍ ያወጣል፤ ቪሊ ሌይ የተባለው ጸሐፊ ደግሞ ለዓለሙ ሁሉ ደብዳቤ ይጽፋል፣ መጣጥፍ ያሳትማል። በቤንዚንና በፈሳሽ ኦክስጅን የሚሠሩት ትናንሽ ሮኬቶች በ1931 የጸደይ ወራት 60 ሜትር ያህል መውጣት ጀመሩ፤ ያው ዓመት ሳያልቅ አንድ ኪሎ ሜትር ደረሱ። በመካከላቸው ከትምህርት ቤት ከወጣ ብዙ ያልቆየ፣ መልከ መልካም፣ የመኳንንት ልጅ አንድ ወጣት ነበር። አባቱ እ.ኤ.አ. በ1932 የእርሻ ሚኒስትር ሆነዋል። ልጁ ዘወትር ስለ ጨረቃ ያወራል፤ ቨርነር ፎን ብራውን ይባላል።

ሦስተኛው በር የጦር ሠራዊቱ በር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተፈረመው የቬርሳይ ውል ጀርመን ከባድ መድፍ እንዳይኖራት ይገድባል፤ ስለ ሮኬት ግን አንዲት ቃል አልጻፈም፤ የውሉ አርቃቂዎች ሮኬትን ከቁም ነገር አልቆጠሩትማ። ስለዚህ የመድፍ ክፍል መኮንኖች ወደ ሥራ አጦቹ ግቢ መመላለስ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1932 የበጋ ወራት ኔበል፣ ሪደልና ፎን ብራውን አንድ ሮኬት በመኪና ጭነው ኩመርስዶርፍ በተባለው የሠራዊቱ መተኮሻ ሜዳ ላይ ለመኮንኖቹ አሳዩ። ሮኬቱ ጥቂት እንደ ወጣ መስመሩን ስቶ ወደቀ። ሻምበል ቫልተር ዶርንበርገርና አለቆቹ ሮኬቱን አልገዙም፤ ይልቁንም አንዱን ሰው መረጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገደማ የ20 ዓመቱ ፎን ብራውን በሠራዊቱ ወጪ፣ በሠራዊቱ ግቢ፣ በምስጢር ምርምር ጀመረ።

የማኅበሩ ፍጻሜ እንዴት ሆነ ቢባል፣ አንባቢ ሆይ፣ በውኃ ሒሳብ ነው። በግቢው ካሉት ሕንጻዎች ውስጥ የብዙዎቹ ቧንቧዎች ለዓመታት ሲያንጠባጥቡ ኖረዋል። ቆጣሪው ግን አልተኛም። የከተማው አስተዳደር የተጠራቀመውን ሒሳብ ይዞ መጣ፤ በዓመት 10 ማርክ የሚከፍሉት ሰዎች ያን የሚሸፍኑበት አልነበራቸውም። በ1933 መጸው ቦታውን ለቀቁ። በርግጥ ውኃው ሰበብ ነው። ሂትለር በጃንዋሪ 1933 ሥልጣን ይዟል፤ ከውጭ አገር ሰዎች ጋር እየተጻጻፈ ስለ ሮኬት በአደባባይ የሚያወራ ማኅበር ከእንግዲህ ሊኖር አይችልም ነበር። ቧንቧው ደርቆ ቢሆንም ሌላ ምክንያት ይገኝለት ነበር። የሆነ ሆኖ በመዝገብ የተጻፈው የውኃ ዕዳ ነው፤ እኔም በዚህ ዓለም ላይ ስንት ትልቅ ነገር በስንት ትንሽ ደረሰኝ እንደተዘጋ ሳስብ እገረማለሁ።

ማኅበርተኞቹ ተበተኑ። ቪሊ ሌይ እ.ኤ.አ. በ1935 አገሩን ጥሎ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ሪደል ቆይቶ ፎን ብራውንን ተከተለ። ፎን ብራውን በባልቲክ ባሕር ዳር፣ ፔነሙንደ ላይ፣ የራይኒከንዶርፍ ሰዎች በሕልማቸውም ያላዩት ፋብሪካና ቤተ ሙከራ ተሠራለት። ኦክቶበር 3 ቀን 1942 ከዚያ የተተኮሰው 14 ሜትር ቁመት ያለው ሮኬት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ወጥቶ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕር ውስጥ ወደቀ። ከፍታው የጠፈርን ደጃፍ ይነካል። የሰው እጅ የሠራው ምንም ነገር እስከዚያ ቀን ያን ያህል አልወጣም። ዓለም በኋላ ቪ-2 ብሎ ያወቀው መሣሪያ ይህ ነው፤ በአፍንጫው ላይ አንድ ቶን ገደማ ፈንጂ ይሸከማል።

እዚህ ላይ ነው ሒሳቡን በጥንቃቄ ማንበብ ያለብን። በኦገስት 1943 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ፔነሙንደን ከደበደቡ በኋላ ምርቱ ወደ ሃርትስ ተራሮች፣ ኖርድሃውዘን አጠገብ ወደሚገኝ የዋሻ ፋብሪካ ተዛወረ። ዋሻውን ያሰፉት፣ ሮኬቱንም የገጣጠሙት የማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ናቸው። ካምፑ ሚተልባው-ዶራ ይባላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት እስረኞቹ የሚተኙት እዚያው ዋሻ ውስጥ፣ በፍንዳታው ጢስና አቧራ መካከል ነበር፤ የቀን ብርሃን የማያዩበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ ካምፕና በቅርንጫፎቹ ካለፉት 60,000 ያህል ሰዎች 20,000 የሚሆኑት ሞተዋል። በቪ-2 ተመተው የሞቱት ሰዎች ብዛት ወደ 5,000 እንደሚደርስ ይገመታል። ስለዚህ ይህ መሣሪያ ከተተኮሰባቸው ይልቅ የሠሩትን ሰዎች አብልጦ የገደለ ነው። ፎን ብራውን ፋብሪካውን በዐይኑ አይቷል፤ የናዚ ፓርቲ አባል ነበር፤ የኤስኤስ መኮንንነት ማዕረግም ነበረው። በማርች 1944 ደግሞ ጌስታፖ ከጦር መሣሪያው ይልቅ ስለ ጠፈር ጉዞ ያስባል በሚል ክስ አስሮት ዶርንበርገር ባደረገው ጥረት ተፈትቷል። ወዳጆቹ ይህን እስር እንደ ንጽሕና ማስረጃ ያቀርቡታል። እኔ ግን አይመስለኝም። ስለ ጨረቃ ማሰቡ እውነት ነው፤ ችግሩ ጨረቃን እያሰበ ዋሻውን ማለፍ መቻሉ ነው።

በዚያው ዘመን በሌላ አገር ሌላ ማኅበር ነበር። ፊሊፕ ክሊተር የተባለ እንግሊዛዊ ኦክቶበር 13 ቀን 1933 ሊቨርፑል ላይ «የብሪታንያ የፈለካት ጉዞ ማኅበር»ን መሠረተ፤ ይህ ማኅበር ዛሬም አለ። ክሊተር በ1934 መጀመሪያ ወደ በርሊን ሄዶ ቪሊ ሌይን አግኝቶታል። እንግሊዞቹ ግን ሮኬት መተኮስ አልቻሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1875 የወጣው የፈንጂዎች ሕግ ግለሰቦች እንዲህ ያለ ሙከራ እንዳያደርጉ ይከለክላልና። መንግሥትን ደጅ ቢጠኑ የአየር ሚኒስቴር ይህ ዐይነቱ ሞተር የአውሮፕላንን መዘውር የሚፎካከር ነገር እንዳልሆነ ገልጾ መለሳቸው። እነርሱም የቀራቸውን ነገር አደረጉ፤ ወረቀትና እርሳስ ያዙ።

ማኅበሩ ወደ ለንደን ከተዛወረ በኋላ ከሚሰበሰቡባቸው ቦታዎች አንዱ ግሬይስ ኢን ሮድ ላይ ያለ ጠባብ አፓርትማ ነበር። ከተከራዮቹ አንዱ ቀን ቀን የመንግሥት ሒሳብ መርማሪ ሆኖ የጡረታ መዝገብ የሚያመሳክር ወጣት ነው፤ አርተር ክላርክ ይባላል። አዎን፣ ያ ኋላ ስመ ጥር ደራሲ የሆነው ክላርክ! የሙያ ወገኔ ስለሆነ ባዳላለት አትፍረዱብኝ። እርሱና ጓደኞቹ፣ ኸሪ ሮስ፣ ራልፍ ስሚዝ፣ ቫል ክሊቨርና ሌሎቹም፣ ከ1937 ጀምረው ሦስት ሰው ወደ ጨረቃ ወስዶ የሚመልስ 1,000 ቶን የሚመዝን መንኮራኩር ነደፉ፤ በጃንዋሪ 1939 በመጽሔታቸው አወጡት። ነዳጁ ጠጣር ነበር፤ በሺሕ የሚቆጠሩ ትናንሽ ሮኬቶች እንደ ማር እንጀራ ተደርድረው እየነደዱ የሚጣሉበት ዘዴ ነው። ለማረፊያ እግር አበጁለት። መንኮራኩሩ እየተሽከረከረ ስለሚሄድ ከዋክብቱ እንዳይዞሩባቸው ምስሉን አርግቶ የሚያሳይ መስታወታዊ መሣሪያ አሰቡ፤ ከዚያ ሁሉ ንድፍ አቅማቸው ችሎ በእጃቸው የሠሩት ያንን መሣሪያ ነው። ኪሳቸው የቻለው የመንኮራኩሩን መስኮት ብቻ ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ጦርነት ተነሣና ማኅበሩ ሥራውን አቆመ።

ሴፕቴምበር 8 ቀን 1944 የመጀመሪያው ቪ-2 ለንደን ላይ፣ ቺዚክ በተባለው ሰፈር ወደቀ። ሦስት ሰው ገደለ። ከድምፅ ስለሚፈጥን የሚሰማው ከፈነዳ በኋላ ነው። የራይኒከንዶርፍ ሕልመኞች የጀመሩት ሥራ በግሬይስ ኢን ሮድ ሕልመኞች ከተማ ላይ ዘነበ።

ከእነዚህ ከሁለቱ ማኅበሮች የትኛው ትክክል እንደሠራ መፍረድ ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ወደ ፍርድ ስቀርብ እጄ ይከብደኛል። እንግሊዞቹ ንጹሕ የሆኑት በበጎነታቸው ብቻ ነው ወይ? የ1875ቱ ሕግ ባይኖር፣ ሚኒስቴሩም «እምቢ» በማለት ፈንታ «እንካችሁ» ቢላቸው ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ጦርነቱ ሲያልቅም ያደረጉትን እንመልከት። ክላርክ በፌብሩዋሪ 1945፣ ሮኬቱ ገና ለንደን ላይ እየወደቀ ሳለ፣ በቪ-2 የላይኛውን አየር መመርመር እንደሚቻል በአንድ መጽሔት ላይ ጻፈ። ስሚዝና ሮስ በ1946 ያንኑ ቪ-2 አስፍተው ሰው አሳፍሮ ወደ ጠፈር ደጃፍ የሚያወጣ ዕቅድ ለመንግሥት አቀረቡ፤ መንግሥትም ገንዘብ የለኝም አለ። አያቸው፤ መሣሪያውን አልተጸየፉትም። ገዳይ መሆኑን እያወቁ የሚያወጣበትን ከፍታ ደግሞ አዩ። በዚህ አልወቅሳቸውም፤ ነገር ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ግንብ እኛ እንደምንመኘው ወፍራም አልነበረም።

የወረቀት ሥራ ከንቱ ነው ለሚል ሰው ግን መልስ አለኝ። ሮስ እ.ኤ.አ. በ1948 ባቀረበው ጽሑፍ ወደ ጨረቃ ሲኬድ ለመመለሻ የሚሆነውን ነዳጅ በጨረቃ ዙሪያ ባለ ምኅዋር ላይ ትቶ መውረድ ብዙ ክብደት እንደሚቆጥብ አስልቷል። ከእርሱ በፊት ዩሪ ኮንድራትዩክ የተባለ የዩክሬን ተወላጅ በ1929 ኖቮሲቢርስክ ላይ በራሱ ገንዘብ ባሳተመው መጽሐፍ ተመሳሳይ ነገር ጽፎ ነበር፤ የታተመው 2,000 ቅጂ ነው፤ የሰውየው መተዳደሪያም የእህል ጎተራ መሥራት ነበር። ባለ ጎተራው በቀጣዩ ዓመት ታሰረ፤ ከክሶቹ አንዱ አንዱን ትልቅ ጎተራ ያለ ምስማር ሠርቷል የሚል ነው፤ ይፈርሳል ተብሎ! በናሳ ውስጥ ደግሞ ጆን ሁቦልት የተባለ መሐንዲስ ለዚሁ ዐይነት ዘዴ ተሟገተ፤ በኖቬምበር 1961 አለቆቹን ሁሉ ዘሎ ለላይኛው ባለሥልጣን ደብዳቤ ጻፈ፤ በጁላይ 1962 ዘዴው ተመረጠ። አፖሎ 11 በዚያው መንገድ ሄዶ ተመለሰ።

በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2004 የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ሲመሠረት መሥራቾቹን እንደ ቀልደኛ ያያቸው ጥቂት አልነበረም። ስለ ዳቦ መነጋገር ሲገባን ስለ ኮከብ ማውራት ምንድር ነው ተባሉ። ከ15 ዓመት በኋላ፣ ዲሴምበር 20 ቀን 2019፣ የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከቻይና ምድር በቻይና ሮኬት ተነሣች። የዳቦው ጥያቄ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም እንደ ሒሳብ ሠራተኛ አልንቀውም። ከእርሱ ጋር ግን ሮኬቱን የሚያወጣው ማን ነው፣ በምላሹስ ምን ይፈልጋል የሚለውም አብሮ ይጠየቅ እላለሁ።

የቀረው የሰዎቹ ነገር ነው። ፎን ብራውን ወደ አሜሪካ ተወስዶ አፖሎን ለጨረቃ ያበቃውን ሳተርን 5 ሮኬት የሠራውን ተቋም መራ። በዋሻው ፋብሪካ የምርት ኃላፊ የነበረው አርተር ሩዶልፍም አብሮት ሄዶ የሳተርን 5 ፕሮጀክት ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለ ዋሻው ሲመረመር የአሜሪካ ዜግነቱን ትቶ ወደ ጀርመን ተመለሰ። ሽማግሌው ኦበርት በጁላይ 1969 በእንግድነት ተጠርቶ አፖሎ 11 ሲነሣ በዐይኑ አይቷል። ጎዳርድ ከሞተ 24 ዓመት ሆኖት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1920 የተሳለቀበት ኒው ዮርክ ታይምስ በዚያው ሳምንት ማረሚያ አወጣለት።

ከበርሊኑ ግቢ ሳይሸጥ የወጣው፣ አሜሪካ ገብቶ ስለ ጠፈር ሲጽፍና ሲያስተምር ዕድሜውን የፈጀው ቪሊ ሌይ ያን ቀን አላየም። ጁን 24 ቀን 1969 ኒው ዮርክ ውስጥ ሞተ። ሰው ጨረቃ ላይ ሊያርፍ 26 ቀን ቀርቶ ነበር። በስሙ የተሰየመ ጉድጓድ ከምድር በማይታየው የጨረቃ ገጽ ላይ ይገኛል።